እጄን የከፈተው የጎማ ጣት

ከመካነ ሰላም እስከ ደጎሎ፣ ከወረኢሉ እስከ ኩታበር፣ ጎማው ተንፍሶበት የኔን ስም ያልጠራ ሾፌር ካለ መንጃ ፈቃዱ ይመርመርልኝ። ሙሄ ጎሚስታው ማለት እኔ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ኮምፕሬሰር ፈትቶ መግጠሙን፣ የእንግሊዝኛ ማንዋል በሥዕሉ ብቻ ማንበቡን ግን ማንም አላስተማረኝም፣ ራሴ ነኝ ራሴን ያስተማርኩት። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ዋናው ግን እንዲህ ያለ ጭንቅላት ተሸክሜ የገዛ በሽታዬን ማወቅ ስላቃተኝ፣ እናንተም እንደኔ እንዳትጃጃሉ ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በገበያ ቀን ጠዋት ነው። የአይሱዙ ጎማ ከቸርኬው ላይ እየፈለቀቅኩ ሳለ መፈልቀቂያው ብረት ከቀኝ እጄ ወደቀ። አነሳሁት። ደግሞ ወደቀ። ሦስተኛ ስሞክር እጄ ራሱ እንደ ረጠበ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ባለቤቴ ዘይነባ ቁርስ ይዛ መጥታ ቆማ አየችኝ።

«አንተ፣ አፍህን ለምን ታጣምማለህ?»

«ምን አጣመምኩ?»

«በግራ በኩል ብቻ እኮ ነው የምትስቀው።»

«ግማሹን ለማታ አስቀምጬው ነው» ልላት አሰብኩ፣ ምላሴ ግን ተጠቀለለብኝና የወጣው ነገር ለኔም አልገባኝ። ዘይነባ ሳህኑን አስቀመጠች።

«ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«በገበያ ቀን? አምስት መኪና ቆሞ?»

አልሄድኩም። ቀኑን ሙሉ በግራ እጄ ስታገል ዋልኩ። ያቺን ቀን አሁን ባገኛት አንገቷን ይዤ አንቃት ነበር። በሽታው ሊያዝ የሚችለው ያን ዕለት፣ በሰዓታት ውስጥ ነበር። እኔ ግን ሰዓቶቹን ለአይሱዙ ሰጠኋቸው።

ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። ጎረቤት «ምች ነው» አለና ዳማከሴ አሽቶ ግንባሬን ቀባኝ። ሳምንት ስሸት ከረምኩ። ክሊኒክ ሄድኩ፣ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተባልኩ። በኛ ጊዜ ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድና ታይፈስ ሳይባል የወጣ ሰው ካለ፣ ከበር የተመለሰ ብቻ ነው። መርፌ ወጉኝ። መርፌው ሲያልቅ ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፣ እዚያ ደግሞ «ነርቭ ነው» አሉኝ።

«ነርቭ ማለት ምንድነው?» አልኩት ሰውየውን።

«ነርቭ ነዋ!» አለኝ፣ እንደ ደደብ እያየኝ።

ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። ወጌሻው ክንዴን በቅቤ ካሸ በኋላ ጣቶቼን እንደ በሬ ጭራ ጎተታቸው። ኦርቶዶክስ ጎረቤቴ ጠበል በጀሪካን አመጡልኝ፣ ጠጣሁ፣ ተጠመቅኩ፤ በወሎ እንዲህ ነው፣ በሽታ ሲመጣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ቁርአን ያስቀሩኝ ሼህ ዘንድ ደግሞ ለዱዓ ሄድኩ። እሳቸው እጄን ይዘው አገላብጠው አዩት።

«ሙሄ፣ ዱዓውን እኔ አደርጋለሁ፣ እሱ የኔ ሥራ ነው» አሉኝ። «አንተ ደሴ ሂድ። አብሽር። አላህ ሐኪምንም የፈጠረው ለዚህ ነው።»

ከዚያ ሁሉ አዋቂ መካከል ቀጥ ያለ ነገር የነገሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። የሚያሳዝነው፣ ምክራቸውን ሰምቼም ሁለት ሳምንት ተጎለትኩ።

በዚህ መሀል እጄ ጠባዩን ቀየረ። መጀመሪያ ልፍስፍስ ያለው እጅ ቀስ በቀስ ይጨብጥ ጀመር። ክርኔም ታጠፈ፣ ጣቶቼም ተቆለፉ። ጥፍሬ መዳፌን እየወጋ ዘይነባ በማንኪያ እጀታ ፈልቅቃ ትቆርጥልኛለች። ጊዜው የአንድ ለአምስት ጊዜ ነው፤ ስብሰባ መቅረት የለም። ቀበሌ ተሰብስበን «የምትደግፉ እጅ አውጡ» ሲባል ቀኝ እጄን በግራዬ ደግፌ አነሳሁ፣ የተነሳው ግን ጭብጥ ቡጢ ነው።

«አቶ ሙሄ! ምንድነው እሱ?» አለ ሰብሳቢው። «ደርግ ናፈቀህ እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ አለቀ። እኔም በግማሽ አፌ ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ የለም። የፈራሁትን እውነቱን ልንገራችሁ፦ ሞትን አልነበረም። የፈራሁት እጄ እንዲህ እንደተቆለፈ ቀርቶ፣ ሰው ሰላም ሊለኝ እጁን ሲዘረጋ ቡጢ እየሰጠሁት መኖርን ነው። የጎሚስታ እጅ ካልተከፈተ ጎሚስታ የለም።

በመጨረሻ ደሴ ሄድኩ። የሆስፒታሉን ነገር አታንሱብኝ! «ካርድ አውጣ» አሉኝ፣ አወጣሁ። «ካርድህ ጠፍቷል» አሉኝ፣ ያወጣሁት እዚያው ጠዋት ነው። «ነገ ና» አሉኝ፣ መጣሁ። «ዶክተር ስብሰባ ናት» አሉኝ። አግዳሚው ላይ ስድስት ሰው ለሦስት ሰው ቦታ ተጣብቀን ተቀመጥን። ብርቱካን ይዤ ነበር፣ በአንድ እጅ መላጥ አቅቶኝ በጥርሴ ስታገል፣ አጠገቤ የነበረች ሴት ከእጄ ወስዳ ላጠችና ፍሬ ፍሬውን ለያይታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ስሟን አላውቅም። ዱዓ ሳደርግ እስከ ዛሬ አስባታለሁ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ገና ሳትነካኝ ፊቴን አየችና «ይሄ መቼ ጀመረህ?» አለችኝ።

«ሁለት ወር ሊሞላው ነው።»

«ሁለት ወር የት ነበርክ?»

«ታይፎይድ ስታከም።»

ደም ግፊቴን ለካች፣ ደግማ ለካች። «ግፊት እንዳለብህ ታውቃለህ?»

«እኔ ጎማ ነው የምነፋው፣ ራሴን አልነፋሁም።»

አልሳቀችም። «ስትሮክ ይባላል» አለችኝ። «ወደ አንጎልህ ደም የሚያደርስ ሥር ተዘግቶ ነበር። እጅህ ራሱ አልተጎዳም። የተጎዳው እጅህን የሚያዘው ቦታ ነው። አዛዥ ያጣ ጡንቻ ይኮማተራል፣ ለዚያ ነው የጨበጠው።»

«ማለት፣ ጎማው ደህና ነው፣ ሾፌሩ ነው የታመመው?»

«እንደሱ በለው» አለችና አሁን ትንሽ ፈገግ አለች። የግፊት መድኃኒት አዘዘችልኝ፣ እንዳላቋርጥ አስማለችኝ፣ ከዚያ ለእጄ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፈችልኝ።

እስክሄድ ድረስ ሱቁን ማን ያዘው? ዘይነባ! እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ «ብረቱን ከዚያ አስገቢ፣ በጉልበትሽ ተጫኚው» ስል፣ እሷ እያላበች «ዝም በል፣ ገባኝ» ትለኛለች። በሳምንቱ ገባት። በወሩ አንዱ ሾፌር ፊቴን እያየ «ሙሄ፣ አይክፋህና እሷ የለጠፈችው አይለቅም» አለኝ። ደም ግፊቴ ያን ቀን ቢለካ መሣሪያው ይሰበር ነበር።

አዲስ አበባ የዘይነባ እህት ቤት አረፍኩ። ፊዚዮቴራፒ የሚሉት ነገር እጅና እግርን እንደገና ትምህርት ቤት ማስገባት ነው። የኔ አስተማሪ ሲስተር አልማዝ ነበሩ። ቁጣቸውን የደርግ አሥር አለቃ አይችለውም። አንድ ቀን መነጽር ያደረገ ሰው ይዘው መጡ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፣ ናሆም ይባላል።

«ጋሽ ሙሄ፣ እጅ የሚከፍት ሮቦት እየሠራሁ ነው፣ ይሞክሩታል?» አለኝ።

ሮቦት ሲል እኔ የታየኝ ብረት የለበሰ፣ ዓይኑ የሚያበራ ነገር ነው። እሱ ከቦርሳው ያወጣው ግን ጓንት ነው! በየጣቱ፣ በመዳፉ በኩል፣ ቀጭን የላስቲክ ቧንቧ ተኝቷል። ቧንቧዎቹ ከትንሽ ሳጥን ይገናኛሉ። ሳጥኗ አየር ስትሰጥ የታጠፈው ቧንቧ ቀጥ ይላል፣ ጣትንም ይዞ ይነሳል። አየሩ ሲወጣ ጣት ይመለሳል። ብረት የለው፣ የሚቆርጥ የለው። «ለስላሳ ሮቦት ነው የምንለው» አለኝ።

«አንተ ሰው» አልኩት፣ «ይሄ እኮ ካላማዳሪያ ነው! ጎማ ውስጥ የሚገባው! በል ሥራህን የሚያውቅ ሰው አገኘህ።»

ወረቀት አነበበልኝ። ጥናት ነው፣ ሊጠቅምም ላይጠቅምም ይችላል፣ በፈለግሁ ቀን ማቆም እችላለሁ። ፈረምኩ፤ በግራ እጅ፣ ዶሮ የጫረው ይመስል።

ሳጥኗ እፍ ስትል ጣቶቼ አንድ በአንድ ተነሱ። መዳፌን ካየሁት ስንት ጊዜዬ! ሙቀት ብቻ ነው የተሰማኝ፣ ሕመም የለም። ሲስተር አልማዝ ግን ዝም ብዬ እንዳላይ ከልክለውኛል፦ «አየሩ ብቻውን አይሠራም። ሲነፋ እርስዎም በልብዎ ‘ተከፈት’ ብለው ይዘዙት። አንጎል የሚማረው ሲያዝ ነው።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ጅልነቴን ስሙ። ሲስተር ጓንቱን ሲያለብሱኝ የእጄን አንጓ ወደ ታች ያጥፉታል፣ ያኔ ጣቶቼ ትንሽ ይላላሉ። ይቺን ያዝኳት! ጓንቱ ወልቆ ራሴ የምከፍተውን ሲለኩ፣ ሳይታወቅ አንጓዬን ሰበር አደርጋለሁ፣ ጣቶቼም ከፈት ይላሉ። ናሆም ደስ ብሎት «እጅዎ ራሱ እየሠራ ነው፣ እርዳታውን እንቀንስ» አለና አየሩን ቀነሰው። እኔም ጉራዬን እየነፋሁ ሁለት ሳምንት በቀነሰው አየር ተቀመጥኩ፤ እጄ ግን ስንዝር አልተራመደም። አንድ ቀን ሲስተር አልማዝ ሲለኩኝ አንጓዬን በሁለት ጣታቸው ጥርቅም አድርገው ያዙት። ጣቶቼ እንደተጨበጡ ቀሩ።

«አቶ መሐመድ፣ የሚያታልሉት እኔን ነው ወይስ አንጎልዎን?» አሉኝ፣ በካርዱ ስሜ እየጠሩ።

ዘይነባ ይህን ብታይ ገንዘብ ትከፍል ነበር።

አየሩ ወደ ልኩ ተመለሰ፣ ሥራ ጀመርን፣ እጄም ይላላ ጀመር። ይኼኔ የመሀል ጣቱ ቧንቧ አየር ያፈስ ገባ። ናሆም ጆሮውን ለጥፎ ይሰማል፣ ሳሙና ይቀባል፣ አያገኘውም።

«ሳፋ ውሃ አምጡልኝ» አልኩ። ቧንቧውን ከሳጥኗ ለይቶ በእጅ እየነፋ ውሃ ውስጥ ከተትነው። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ። እዩልኝ! ዶክትሬት ያላገኘውን ሳፋ አገኘው።

እዚያ ላይ ብቆም ምን ነበረበት? አልቆምኩም። ከሰፈሩ ጎሚስታ ብርጭቆ ወረቀትና ማስቲሽ ተበድሬ መጣሁ። ናሆም «ጋሽ ሙሄ፣ ይሄ ሲሊኮን ነው፣ ከሌላ ነገር ጋር አይጣበቅም» አለኝ።

«አንተ ስትወለድ እኔ ጎማ እለጥፍ ነበር» አልኩት።

ፋቅኩ፣ ቀባሁ፣ ለጠፍኩ። ዳር ዳሩን የያዘ መሰለ። ናሆም ስልክ ሊያነሳ ወጣ። እኛ ዘንድ ደግሞ የተለጠፈ ካላማዳሪያ ከልኩ በላይ ተነፍቶ ነው የሚፈተነው፤ መንገዳችን ኮረት ነው፣ እዚህ የቻለ እዚያ ይችላል። ቧንቧውን መልሼ ቀጠልኩና የሳጥኗን ማዞሪያ ጨመርኩት። ትንሽ ጨመርኩት። ልጥፉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቶ በረረ፣ ቧንቧው ደግሞ ከታች እስከ ላይ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ደግነቱ እጄ ውስጡ አልነበረም። በኮሪደሩ ያሉ በሽተኞች በሩጫ ወጡ፤ ሽባ ነኝ ያለ ሁሉ ቀድሞኝ።

ናሆም ተመልሶ መጥቶ ቧንቧውን አነሳና ስንጥቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ዳሰሰው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መለዋወጫ የለውም፤ ሲሊኮኑ ከውጭ አገር ነው የሚመጣው፣ መቼ እንደሚመጣም አላህ ይወቅ። ሲስተር አልማዝ ግን የእሱንም ድርሻ ጨምረው ተቆጡኝ። ሲጨርሱ «አገርዎ ይመለሱ፣ ዕቃው እስኪመጣ ቀኙን በግራ እጅዎ ይዘርጉት» ብለው ሸኙኝ።

መካነ ሰላም ተመለስኩ። በወሩ እጄ እንደገና ይቆለፍ ጀመር። በገዛ እጄ የገዛ እጄን አፈነዳሁት፤ ከዚህ የባሰ የሚያናድድ ነገር ንገሩኝ።

አንድ ቀን ዘይነባ ካላማዳሪያ ለጥፋ ያለ ጎማ ነፋችው። ላስቲክ ነውና ደካማው ጎን ብቻ ተወጥሮ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ አበጠ። ልትናገር አፏን ስትከፍት «ቁሚ!» አልኳት። ካላማዳሪያ እኮ ያለ ጎማ ፊኛ ነው! ከውጭ ወጥሮ የሚይዘው ልብስ ይፈልጋል። የናሆም ቧንቧም የጎደለው ጎማው ነው!

«ዘይነባ፣ ሸራ አምጪ። የመኪና ሸራ።»

«ደግሞ ምን ልታፈነዳ ነው?»

የብስክሌት ካላማዳሪያ ቆረጥን፣ ጫፍና ጫፉን አጥፈን በማስቲሽ ዘጋን፣ ዘይነባ በየጣቱ ልክ የሸራ ከረጢት ሰፍታ አሮጌ ጓንት ላይ በመዳፉ በኩል ገጠመችው። የሠራችው እሷ ናት፣ እኔ አፍ ብቻ ነበርኩ። ሦስት ጊዜ ፈታችው፣ ሦስቴም ረገመችኝ። ሲያልቅ «ከኮምፕሬሰሩ ቀጥይው» አልኳት።

«ወላሂ አልቀጥልም! አዲስ አበባ ያፈነዳኸው አይበቃህም? በእጅ መንፊያ፣ በኔ እጅ፣ በቀስታ።»

አንዴ ገፋች። ምንም የለም። ሁለተኛ ገፋች፣ ሸራው ተወጠረ። በሦስተኛው ሌባ ጣቴ እንደ ሙሽራ አንገት ቀና አለ። ዘይነባ መንፊያውን ለቃ «አልሃምዱሊላህ» ብላ እዚያው ጎማ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ጠዋት ጠዋት እሷ እየነፋች፣ እኔ በልቤ እያዘዝኩ ሠራን። ብሰንፍ እሷ በአፏ ታዛለች፦ «ክፈት! ኧረ ክፈት!» አንድ ጊዜ ጎረቤት በር የተዘጋባት መስሎት መጥረቢያ ይዞ መጣ። ወራት ፈጀ። አንዳንድ ቀን ምንም አይታይም፣ አንዳንድ ቀን ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ተናድጄ ጓንቱን ግድግዳ ላይ የወረወርኩበት ቀን አለ። ዘይነባ አንስታ አራግፋ መልሳ ታለብሰኛለች።

ናሆም ደወለ፣ ዕቃው መጣ። ሸራዬን በፌስታል ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። እያገላበጠ አየው።

«እኛ በክር ጠቅልለነው ነበር» አለ በመጨረሻ። «ክሩ እየተንሸራተተ ነው ያስቸገረን። ሸራ…» ከዚያ ድንገት ተቆጣ፦ «ግን ማን ፈቀደልዎት? ጣትዎ ቢሰበርስ? ስሜቱ በደከመ ቆዳ ላይ ቢያቆስልዎትስ?»

«ዘይነባ ነበረች» አልኩት።

አዲሱን ጓንት የሸራ ልብስ አለበሰው፣ አየር ከልክ ሲያልፍ ራሱ የሚተነፍስበት ቫልቮም ገጠመለት፤ ይህን ያደረገው ለኔ ዓይነቱ ሰው መሆኑን አልደበቀኝም። «እንግዲህ ግማሹ ፈጠራ የኔ ነው» አልኩት።

«ሸራው የእርስዎ ነው፣ ጋሽ ሙሄ። ሸራው ብቻ።»

በአዲሱ ጓንት ሠርተን ጥናቱ ሲያልቅ ሲስተር አልማዝ ክንዴን ጣውላ ላይ አስተኝተው አንጓዬን በጨርቅ አሰሩት። «ዛሬ ማታለል የለም። ያለ ጓንት፣ ይክፈቱት።» ላቤ ወረደ። አውራ ጣቴ ሄደ። ሌባ ጣቴ ተከተለ። የመሀሉም እየተንቀጠቀጠ ተነሳ። ትንሿ ጣቴ እስከ ዛሬ ተኝታለች፣ ትተኛ፣ ደክሟታል። ሲስተር የሚጽፉበትን መዝገብ ዘግተው «በርታ» አሉኝ። አንቱታውን ያን ቀን ተውት፤ ደስ አለኝ።

እናንተ ግን ስሙኝ። የሰው ፊት ከተጣመመ፣ እጁ ከከዳው፣ ምላሱ ከተኮላተፈ፣ ገበያ ቀን ይሁን ዒድ ይሁን ያኔውኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ግፊታችሁን አስለኩ፣ መድኃኒቱን ደህና ሆንኩ ብላችሁ አታቋርጡ። የኔንም ሸራ አይታችሁ እጃችሁን ካላማዳሪያ ውስጥ እንዳትከቱ፤ እኔን ከጉድ ያወጣችኝ ዘይነባ ናት፣ እሷ ደግሞ አንድ ናት።

የተመለስኩ ሰሞን ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሳለ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆመ።

«ዘይነባ የለችም?»

«እኔ አለሁ!» አልኩና እጄን ከፍቼ አሳየሁት።

«ማሻአላህ፣ እንኳን ዳንክ» አለኝ። «እጠብቃታለሁ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ስንጎራደድ ዘይነባ መጣች። ጎማውን ጣለች፣ አንዱን ብረት አስገብታ ተጫነችና፣ ሁለተኛውን ለማስገባት እጅ አጠራት።

«ና፣ ይሄን ያዝልኝ።»

በቀኝ እጄ ያዝኩላት። እጄ ከተቆለፈ ወዲህ መያዙስ አላቃተኝም። እሷ ሁለተኛውን አስገብታ፣ ላብ ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«አሁን ልቀቅ።»

ለቀቅኩ።